ዲግሪ ይዤ ሱቅ ተቀጥሬያለሁ፤ እህቴን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ልበላት?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ቤተሰቦቼ ደነባ አካባቢ ገበሬዎች ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት በማኔጅመንት በዲግሪ ተመርቄያለሁ። የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። በተመረቅኩበት ሥራ ግን አላገኘሁም። ከተመረቅኩ ጀምሮ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ሻጭ ነኝ። ከ10ኛ ክፍል ወጥቶ በኤሌክትሪክ ሥራ ሌቨል 4 የጨረሰው ጓደኛዬ የእኔን እጥፍ ያገኛል። ዘንድሮ ታናሽ እህቴ በተፈጥሮ ሳይንስ ተፈትና የማለፊያ ነጥብ አመጣች። የእናትና የአባቴ ደስታ ልክ የለውም። አጎቴ ግን እዚሁ ከተማ የብረታ ብረት ቤት አለው፤ ‹አራት ዓመት ከምታቃጥል ሙያ ትማርና እኔ ጋ ትሥራ› ይላል። እኔም ‹አትሂጂ፣ እኔን እዪኝ› አልኳት። አለቀሰች። ልክ ነኝ ወይ? ዲግሪ በዚህ ዘመን እንጀራ ይሆናል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሳላዞር ልንገርህ። እህትህ ትሂድ። ያገኘችውን ዕድል እንዳትለቅ አግዛት።

ይህን የምልህ የአንተን ብሶት አቃልዬ አይደለም። እዚህ ደብረ ብርሃን ሥራ ፈላጊዎችን ሳማክር ከአንተ ጋር የሚመሳሰል ታሪክ ያላቸው ልጆች በየጊዜው ይመጣሉ። ጎበዝ ናቸው፣ ተመርቀዋል፣ ግን ቤታቸው ተቀምጠዋል። ያማል። ነገር ግን «ዲግሪ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም» ብለን በጅምላ ከጠየቅን መልስ አናገኝም። የትኛው ዲግሪ? ለየትኛው ሥራ? በማን ወጪ? እነዚህ ሳይለዩ አንተም፣ አጎትህም፣ እናትህም የየራሳችሁ እውነት ይኖራችኋል፤ ክርክሩም አያልቅም።

የወላጆችህ ደስታ ከየት እንደመጣ ልጀምር። «የተማረ ይግደለኝ» ሲባል የሰሙ ሰዎች ናቸው። አባባሉ ደግሞ ባዶ አልነበረም። እስከ 1990 ዓ.ም. ገደማ ድረስ በአገራችን ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የሚጠራው አዲስ አበባና ዓለማያ ነበር። ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴ ወይም ከቡልጋ አንድ ልጅ እዚያ ከገባ አገሩ ሁሉ ስሙን ያውቀው ነበር። በደርግ ጊዜ የተመረቀውን ሰው መንግሥት ራሱ ይመድበዋል። ማስታወቂያ ለማንበብ ሰሌዳ ስር መቆም አልነበረም። ከመምህራን ማሰልጠኛ የወጣ ወጣት እንኳ ደመወዝ ይዞ ታናናሾቹን ያስተምር ነበር። አባትህ ይህን በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። ለልጃቸው የተመኙት ያዩትን ነው።

ከዚያ ነገሩ ተቀየረ። መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን በብዛት መክፈት ጀመረ። የእኛው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ሥራ ከጀመሩት አንዱ ነው። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል። በዚያ ላይ የግል ኮሌጅ አለ፣ የማታ አለ፣ የርቀት አለ። እኔ መስፋፋቱን አልጠላውም። የደነባ ገበሬ ሁለት ልጆች በተከታታይ ዩኒቨርሲቲ መግባታቸው ራሱ የዚያ ውጤት ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ምሩቁ በበዛበት ፍጥነት መሥሪያ ቤቱም ፋብሪካውም አልበዛም። ምደባውም ቀረ።

ማይክል ስፔንስ የሚባል የምጣኔ ሀብት ምሁር በ1973 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ጉዳይ የጻፈው ሐሳብ አለ። በ2001 እ.ኤ.አ. ኖቤል ከተጋሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ነው። ሐሳቡ ሲቀል እንዲህ ነው። ቀጣሪ ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው ችሎታ አይቶ ማወቅ አይችልም። ስለዚህ ወረቀቱን እንደ ምልክት ይወስዳል። «ይህን ያህል ተምሮ ያለፈ ሰው ሰነፍ ሊሆን አይችልም» ይላል። እንግዲህ አስበው። በወረዳው ዲግሪ ያለው አንድ ሰው ሲሆን ምልክቱ ይናገራል። ለአንድ ቦታ የሚወዳደሩት ሁሉ ያንኑ ዲግሪ ሲይዙ ግን ምልክቱ ዝም ይላል። ቀጣሪው ሌላ ምልክት ይፈልጋል። የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ፈተና ይፈትናል። አንዳንዱ ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገር፣ ዘመድ ይፈልጋል።

የአንተ ትምህርት የተመታው እዚህ ጋ ነው። ማኔጅመንት መጥፎ ትምህርት ስለሆነ አይደለም። ለመክፈት ርካሽ ስለሆነ ነው። ላቦራቶሪ አይፈልግም፣ ወርክሾፕ አይፈልግም። ክፍል፣ ሰሌዳና መምህር ካለ ይከፈታል። ስለዚህ ሁሉም ከፈተው። በመንግሥት፣ በግል፣ በማታ፣ በርቀት በየዓመቱ ይመረቁበታል። በሌላ በኩል «ማኔጅመንት ያልተማረ ሰው ይህን ሥራ መሥራት አይችልም» የሚል ደንብ የለም። ሱቅ ማስተዳደርም ሠራተኛ መምራትም ማንም ሰው ይችለዋል ተብሎ ነው የሚታሰበው። ብዙ ምሩቅ ያለው፣ ግን በደንብ ያልታጠረ ትምህርት ለጀማሪ ሁልጊዜ ከባድ ነው። ይህን ስታመለክት ማንም አልነገረህም። የአንተ ስንፍና አድርገህ ከያዝከው ዛሬውኑ ተወው።

እንግዲህ እህትህ የምትማረውን ስትመርጥ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባት ይህን ነው። ይህን ሥራ ያለዚህ ዲግሪ መሥራት ይፈቀዳል? ፋርማሲስት፣ ሐኪም፣ ጠበቃ፣ ሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ መሐንዲስ ለመሆን ወረቀቱ ግዴታ ነው። አንዳንዶቹ ከዲግሪው በላይ የሙያ ፈቃድ ፈተና አላቸው። ጓደኛህ በሌቨል 4 የፈለገውን ያህል ጎበዝ ይሁን፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ መድኃኒት ማደል አይችልም። ይህ ማለት ግን እነዚህን የተማረ ሁሉ በማግስቱ ይቀጠራል ማለት አይደለም። ባለፉት ዓመታት ሐኪሞች እንኳ ተመርቀው በጀት የሚጠብቁበት ጊዜ አይተናል። ቢሆንም ልዩነት አለ። እነሱ ወረፋ የሚጠብቁት ከራሳቸው ሙያ ሰው ጋር ብቻ ነው። አንተ የምትወዳደረው ከአገሩ ሁሉ ጋር ነው።

ሌሎች ትምህርቶች ደግሞ አሉ። ወረቀቱ በሕግ ግዴታ አይደለም፣ ግን ትምህርቱን በራስ ጥረት ቤት ተቀምጦ መጨረስ ይከብዳል። አካውንቲንግ፣ ሶፍትዌር፣ ስታቲስቲክስ፣ ኬሚስትሪ፣ የምግብ ሳይንስ እዚህ ይገባሉ። አካውንቲንግ እንደ ማኔጅመንት ተመራቂው ብዙ ነው። ነገር ግን ሒሳብ የሚዘጋ ሰው የማይፈልግ ድርጅት የለም። ግብር አለ፣ ኦዲት አለ። ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌርና ኤክሴልን በደንብ የሚሠራ፣ የግብር አሠራሩን የሚያውቅ የአካውንቲንግ ምሩቅ ከማኔጅመንቱ ቀድሞ ሲቀጠር አያለሁ።

አሁን ወደ ጓደኛህ ልምጣ። እሱን ሳየው ደስ ነው የሚለኝ። በቴክኒክና ሙያ ስልጠና 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ እንዲሆን ነው የተቀረጸው። ተግባሩ በትክክል ከተሰጠና የሙያ ብቃት ምዘናውን (ሲኦሲውን) ካለፈ ሰውየው ሲወጣ በእጁ ሙያ ይዟል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የምትመች ከተማ እየሆነች ነው። ድሮ የምትታወቀው በብርድ ልብሱ ነበር። ከዚያ የሐበሻ ቢራ መጣ፣ ዳሽንም ሁለተኛ ፋብሪካውን እዚህ ተከለ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ተመረቀ። ሌሎችም ተከተሉ። አንድ ፋብሪካ ስንት መሐንዲስ ይፈልጋል? ጥቂት። ስንት ኤሌክትሪሽያን፣ መካኒክ፣ የቦይለር ሠራተኛ፣ ብየዳ የሚችል ሰው ይፈልጋል? ከዚያ በጣም ይበልጣል። ማሽን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሲቆም የሚጠራው ዲግሪው ያለው ሰው ላይሆን ይችላል። ጓደኛህ የሚያገኘው ገንዘብ ከዚህ ነው የሚመጣው። ይገባዋል።

ታዲያ ለምን እህትህ ትሂድ አልኩ?

አንደኛው ምክንያት ያገኘችው ነገር ብርቅ መሆኑ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ነበር። እህትህ ከእነዚህ መሐል ናት። ያውም በእኛ አካባቢ። ባለፉት ዓመታት በጸጥታው ምክንያት ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ እንደከረመ፣ ስንት ልጅ እንደተበተነ አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። በዚህ መሐል ተቀምጣ ፊዚክስና ሒሳብ አጥንታ ያለፈች ልጅ ናት። «እኔን እዪኝ» ስትላት ግን የእሷን ውጤት በአንተ ሚዛን መዘንከው። አንተ የተማርከው ሌላ፣ እሷ ልትማር የምትችለው ሌላ ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ውጤቷ አንተ ያልነበሩህን ምርጫዎች ይሰጣታል።

ሁለተኛው ወጪው ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ዶርሙም፣ ምግቡም፣ ትምህርቱም ከፊት ብር አይጠየቅበትም። ተማሪዋ የወጪ መጋራት ውል ትፈርማለች፣ ስትመረቅና ስትሠራ ትከፍለዋለች። ቤተሰቡ የሚያወጣው ለትራንስፖርት፣ ለልብስ፣ ለኮፒና ለኪስ ነው። ይህም ለገበሬ ቀላል አይደለም፤ በግ መሸጥ ይኖራል፣ እህል መሸጥ ይኖራል። ነገር ግን ከግል ኮሌጅ ክፍያ ጋር አይወዳደርም። አንድ ቤተሰብ በሬ ሸጦ ልጁን በተጨናነቀ ትምህርት በግል ኮሌጅ ሊያስገባ ቢያማክረኝ «ቆይ፣ እናስብበት» እለዋለሁ። የእህትህ ጉዳይ ያ አይደለም።

ሦስተኛው የጊዜ ቅደም ተከተል ነው። የብየዳ ሙያ በ18 ዓመትም በ25 ዓመትም ይለመዳል። ዲግሪ የያዘ ሰው ተመልሶ ሌቨል ቢማር የሚከለክለው የለም። ዛሬ ያገኘችውን የዩኒቨርሲቲ ቦታ ግን ከሦስት ዓመት በኋላ «አሁን ልምጣ» ብትል እንዳለ አይጠብቃትም። የመግቢያ ሕጉም በየጊዜው ይለዋወጣል። የሚመለሰውን ነገር አስቀምጦ የማይመለሰውን መያዝ ይሻላል።

አራተኛውን ስጽፍ እንዳትቀየመኝ። እህትህ ሴት ናት። አጎትህ ቅን ሰው መሆናቸውን አልጠራጠርም፤ ልጅቷን ሥራ ላስተምር ማለታቸው ራሱ የሚመሰገን ነው። ብዙ የብረታ ብረት ቤት ሴት ልጅ ማስገባት አያስብም። ሴት በያጅ፣ ሴት ኤሌክትሪሽያን በደንብ ትሠራለች፣ አይቻለሁም። ግን አጎት ቤት የምትሠራ የእህት ልጅ ደመወዝ ይቆረጥላታል? ሲኦሲ ትፈተናለች? ወይስ ሻይ የምታፈላ፣ ሒሳብ የምትይዝ፣ «ቤተሰብ ናት» የምትባል ሆና ትቀራለች? ይህን ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሌላም አለ። ዩኒቨርሲቲ ሳትገባ ከቀረች ሽማግሌ መላኩ አይቀርም። አንተም ታውቀዋለህ። ግቢ መግባት ለአንዲት የገጠር ልጅ የራሷን ዕድሜ በራሷ የምትወስንበት አራት ዓመት ነው። ይህ በደመወዝ አይለካም።

ስለ ደመወዝ ካነሳን ቁጥር ልስጥህ። በመስከረም 2018 በተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች ማሻሻያ የጀማሪ ዲግሪ ምሩቅ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። ዝቅተኛው የመንግሥት ደመወዝ ደግሞ 6,000 ብር ነው። ልዩነቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። በዛሬ ኑሮ 11,500 ብር ብዙ ነው አልልህም፤ የቤት ኪራይ ከፍለህ ምን እንደሚተርፍ ታውቃለህ። ጎበዝ ኤሌክትሪሽያን በጥሩ ወር ከዚህ በላይ ያገኛል። ግን በክረምት ግንባታ ሲቆም፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ሲታመም ስንት እንደሚያገኝ ጓደኛህን በግልጽ ጠይቀው። ሁለቱን ስታወዳድር የአንዱን ጥሩ ወር ከሌላው መጥፎ ወር ጋር አታወዳድር። ዓመቱን ከዓመቱ አወዳድር።

በዓለም ደረጃም ተጠንቷል። ለዓለም ባንክ የሠሩት ሳካሮፖሎስና ፓትሪኖስ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የብዙ አገሮችን ጥናት ሰብስበው በ2018 እ.ኤ.አ. እንዳወጡት፣ አንድ ተጨማሪ የትምህርት ዓመት የሰውን ገቢ በአማካይ ወደ 9 በመቶ ያሳድጋል። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች የከፍተኛ ትምህርት ጥቅም ከዚህም ይበልጣል። ይህን ስታነብ አንድ ነገር ልብ በል። አማካይ ነው። በአማካዩ ውስጥ ሐኪሙም አለ፣ ሱቅ የተቀጠረውም አለ። ደግሞም ገቢ የሚለካው ሥራ ካለው ሰው ላይ ነው፤ ሥራ ፍለጋ የባከነው ጊዜ እዚያ ውስጥ በደንብ አይታይም። ስለዚህ ቁጥሩ «ትምህርት ከንቱ ነው» የሚለውን ወሬ ያፈርሳል እንጂ ለእህትህ ዋስትና አይሆናትም። ዋስትናዋ የምትመርጠው ትምህርትና የምታሳልፈው አራት ዓመት ነው።

ስለ ምርጫው ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ አብዛኛው ልጅ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርስ ነው። በዚያ ዓመት የምታመጣው ውጤት የምትገባበትን ዲፓርትመንት ይወስናል። ብዙ ፍሬሽ ተማሪ «ገብቼአለሁ» ብሎ የሚዘናጋው በዚሁ ዓመት ነው። ከዚያ ውጤቱ ሲወርድ ማንም ያልፈለገው ዲፓርትመንት ይደርሰዋል። በኋላ «ዲግሪ አይጠቅምም» ይላል። በደንብ ንገራት። ከአራቱ ዓመት በጣም ውዱ የመጀመሪያው ነው።

ዲፓርትመንት ስትመርጥ የስሙን ማማር አትይ። እያሰበችበት ያለውን ትምህርት የተማሩ፣ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት የተመረቁ ልጆችን ትፈልግ። አሁን የት ናቸው? ስንት ወር ተቀመጡ? መምህሮቿን ብቻ አትጠይቅ፤ መምህር የራሱን ትምህርት ይወዳል። አንተ ደግሞ እዚህ ሆነህ አንድ ሥራ ሥራላት። የሥራ ማስታወቂያ አንብብ። ጋዜጣ ላይ፣ ቴሌግራም ላይ፣ የፋብሪካ በር ላይ የተለጠፈውን። ለሁለት ወር ያህል ያየኸውን በደብተር ጻፈው። ለምን ቦታ፣ ምን ትምህርት፣ ስንት ዓመት ልምድ ይላል? «በዲግሪ 2 ዓመት ወይም በሌቨል 4 አራት ዓመት» የሚል ታገኛለህ። እዚያች መስመር ላይ ቀጣሪው ራሱ ዲግሪን ስንት ዓመት ልምድ አድርጎ እንደሚቆጥረው ጽፎልሃል። «ዜሮ ዓመት» የሚል በየትኛው ትምህርት ቶሎ ቶሎ እንደሚወጣም ታያለህ። ከእኔ ምክር ይልቅ ያ ደብተር ይጠቅማታል።

ለአካባቢያችን ልጅ እኔ ብዙ ጊዜ የማነሳው ግን የሚረሳ ነገር አለ። እንስሳት ሀብት፣ እንስሳት ሕክምና፣ የምግብ ሳይንስ። ሰሜን ሸዋ የመንዝ በግ አገር ነው፣ የጅሩ ሰንጋ አገር ነው። ከደብረ ብርሃንና ከጫጫ የሚነሳው ወተት አዲስ አበባ ይጠጣል። ከተማው ውስጥ በበግ ዝርያ ላይ ለብዙ ዓመት የሠራ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ልጆቻችን ግን እነዚህን ትምህርቶች ሲደርሷቸው ያለቅሳሉ። «ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ልቀመጥ ነው?» ይላሉ። ወረዳ መቀመጥም ሥራ ነው። ከዚያ ውጪ ደግሞ የመኖ ማቀነባበሪያ አለ፣ የወተት ማቀነባበሪያ አለ፣ የጥራት ቁጥጥር አለ፣ የቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ አለ። የደነባ ልጅ ከብትና ጭድ ምን እንደሆነ አውቃ ነው የምትገባው። እህትህ ይህን ትማር እያልኩ አይደለም። ከደረሳት ግን አታልቅስ።

ግቢ ከገባች በኋላ ሁለት ነገር ብቻ አደራ እላለሁ። እንግሊዝኛዋን ታሻሽል። የቃል ቃለ መጠይቅ ላይ ጎበዝ ልጆች አንገታቸውን የሚደፉት በዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ኢንተርንሺፑን እንደ ዕረፍት አትቁጠረው። ፊርማ አስፈርሞ ሪፖርት ኮፒ አድርጎ የሚመጣ ተማሪ ብዙ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ በደንብ የሠራችበት ድርጅት ነገ ስሟን የሚያስታውስ ቀጣሪ ነው። ዘመድ ለሌለው የገበሬ ልጅ ዘመድ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ደግሞ በዕረፍት ጊዜዋ ትለማመድ። በ2016 ክረምት የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ስልጠና ነፃ ነው፤ ከስልክም ቢሆን ተጀምሮ የሚያልቅ ትምህርት አለው።

የመውጫ ፈተናው አያስፈራትም። በየዓመቱ እየተረዳች ያለፈች ተማሪ 50 በመቶ አያቅታትም። አንተም አልፈኸዋል።

አሁን ስለ አንተ። ደብዳቤህ ስለ እህትህ ይመስላል እንጂ ግማሹ ስለ ራስህ ነው።

ማስተርስ ለመጀመር እያሰብክ ከሆነ ቆይ። ሥራ ያጣ ምሩቅ ሁለተኛ ዲግሪ ሲጨምር ብዙ ጊዜ የሚጨምረው ወጪና ዕድሜ ነው። ያለህን ተመልከት። ሁለት ዓመት የሕንፃ መሣሪያ ሸጠሃል። የፌሮ፣ የሲሚንቶ፣ የኬብል፣ የቧንቧ ዋጋ በቃልህ ታውቃለህ። ከየት እንደሚመጣ፣ ማን በዱቤ እንደሚሰጥ፣ የትኛው ተቋራጭ እንደሚከፍልና እንደማይከፍል ታውቃለህ። ይህ በማስታወቂያ ቋንቋ የግዥ ሠራተኛ፣ የንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ የሽያጭ ሠራተኛ ይባላል። የማኔጅመንት ዲግሪ ያላቸውን የሚጠሩ ቦታዎች ናቸው። አብዛኞቹ የሚጠይቁት ደግሞ 2 ዓመት ልምድ ነው። አንተ ጋ አለ።

አንድ ችግር ግን አለ። ከግል ድርጅት የመጣ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ካልተረጋገጠ ብዙ መሥሪያ ቤት አይቀበለውም። ስለዚህ ከሱቁ ባለቤት ጋር በደህና ቀን፣ በደህና ቃል ተነጋገር። ጠብ አታድርገው። «ጋሼ፣ ለወደፊቴ ነው፣ በስሜ ግብርና ጡረታ ይከፈልልኝ» በል። ጡረታው ከአንተ 7 በመቶ፣ ከእሳቸው 11 በመቶ ነው፤ ለዚህም ነው ብዙ ባለሱቅ የሚሸሸው። አንዳንዱ ግን ሰው ሲጠይቀው ይሰማል። ያለፈው ሁለት ዓመት በስምህ ካልተከፈለ ደብዳቤው ለመንግሥት ቦታ ላያገለግልህ ይችላል። የግል ፋብሪካና አስመጪ ግን ስለ ፌሮ ሲጠይቅህ መልስህን ሰምቶ ይቀጥርሃል። መጀመሪያ እነሱ ጋ ሂድ።

ከዚህ ጎን ለጎን አጭር ነገር ተማር። ኤክሴልና ፒችትሪ፣ የንብረት መዝገብ አያያዝ። ወይም ጓደኛህን ተከትለህ ማታ ማታ ፖሊ ቴክኒክ ግባ። ዲግሪ ይዞ ሌቨል መማር ነውር የለውም። ኤሌክትሪክ የሚገባው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሻጭ ሌላ ሰው ነው። እሱ ሙያ አለው፣ አንተ ዋጋና ደንበኛ ታውቃለህ፤ ሁለታችሁ አብራችሁ ተቀምጣችሁ ስለ ሥራ ተነጋግራችሁ ታውቃላችሁ? ካልሆነ ዘንድሮ ተነጋገሩ።

ወደ ልጅቷ ልመለስና አንድ ነገር ልጠይቅህ። በደብዳቤህ አባትህ ያሉት አለ፣ አጎትህ ያሉት አለ፣ አንተ ያልከው አለ። እህትህ ምን መሆን እንደምትፈልግ ግን አንድ መስመር የለም። ማልቀሷ ብቻ ነው ያለው። እሁድ ደነባ ውረድ። መንገዱ ሰላም ካልሆነ ደውልላት። «አትሂጂ ያልኩሽ በራሴ ተናድጄ ነው» በላት። ከዚያ ምን እንደምትፈልግ ጠይቃትና ዝም ብለህ ስማት። ሙያ ይሻለኛል፣ እጄን ነው ማንቀሳቀስ የምወደው ካለችህና ይህ የራሷ ቃል ከሆነ እኔም ከላይ ያልኩትን አላነሳባትም። ያኔ ከአጎትህ ጋር ደመወዟን፣ ስልጠናዋንና ሲኦሲዋን በግልጽ ተነጋግራችሁ ትግባ። ዩኒቨርሲቲ ካለች ደግሞ የአጎትህን ቤት ለክረምት ያዙት። ኢንጂነሪንግ ከደረሳት በዕረፍቷ እዚያ ብረት ስትቆርጥ መክረሟ ከክፍል ጓደኞቿ ያስቀድማታል፣ አጎትህም ይደሰታሉ።

የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬቷን ከአሁኑ ኮፒ አድርጋችሁ አንዱን አንተ ጋ አስቀምጥ፤ ፋይዳ መታወቂያ ካላወጣች ታውጣ። የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅና ዲፓርትመንት ምረጡ ሲባል ውጤቷንና በግቢዋ ያሉትን ትምህርቶች ዝርዝር ይዛ እሷ ራሷ ትጻፍልኝ።